ጉም ውስጥ የገባች ትንሽ አውሮፕላን፦ የሚባለውና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በመኪና የወረደ ሰው የጣርማ በርን ጉም ያውቀዋል። ከፊት ያለው መኪና በአንዴ ይጠፋል። ሹፌሩ መብራት ያበራል፣ ክላክስ እያሰማ ይንፏቀቃል፣ ከባሰበትም ዳር ይዞ ይቆማል። የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ዳር ይዞ መቆም አይችልም። ለሹፌሩ ቢያንስ መሬቱ ከጎማው ስር ነው። ለአብራሪው ግን ላይና ታቹ ራሱ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የምሰማው ብዙው ነገር ልክ አይደለም። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ስህተቱ ሰው ስለሚገድል ነው።

«አውሮፕላኑ ቢያጋድል ይታወቀኛል»

አይታወቅም። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፤ መዞራችንም የሚታወቀን በዚያ ነው። ዙሩ በእኩል ፍጥነት ለ20 ሰከንድ ያህል ከቀጠለ ግን ፈሳሹ አብሮ መዞር ይጀምራል። ያኔ የቆምን ይመስለናል። አውሮፕላኑ በጣም ቀስ ብሎ ካጋደለ ደግሞ ጆሮ ከመነሻውም ላያውቀው ይችላል።

የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ካገኛችሁ ሞክሩት። ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ጓደኛችሁ ቀስ ብሎ፣ ፍጥነቱን ሳይቀያይር ያዙራችሁ። ትንሽ ቆይቶ የቆማችሁ ይመስላችኋል። እውነት ሲያቆማችሁ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን እየዞራችሁ እንደሆነ ትምላላችሁ። ዓይናችሁን ስትገልጡ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ጉም ውስጥ ያለው አብራሪም እንደዚያው ነው። ክንፉ ሲያጋድል አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከፍታው እየቀነሰ መሆኑን መሣሪያው ላይ ያያል፤ እየዞረ መሆኑን ግን ሰውነቱ አልነገረውም። ስለዚህ መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል። ክንፉ ሳይስተካከል መሪ ሲሳብ ዙሩ ይበልጥ ይጠብባል፣ ቁልቁለቱም ይብሳል።

ፊቱ ላይ አንዲት ክብ መሣሪያ አለች። ላይዋ ሰማያዊ፣ ታችዋ ቡናማ፣ መሃሏ ላይ የሁለት ክንፍ ምልክት። ሰው ሠራሽ አድማስ ናት። ሰውነት «ቀጥ ብለሃል» እያለ እሷ «አጋድለሃል» ካለች፣ እሷን ማመን ነው። ይሄ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል፤ በቆራጥነት ብቻ አይሆንም።

«ጉም ውስጥ ከገባህ በ178 ሰከንድ ትሞታለህ»

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ተጣሟል። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና የሌላቸውን 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ አድርገው አበረሯቸው። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። አንዱ በ20 ሰከንድ፣ አንዱ በ8 ደቂቃ፤ አማካዩ 178 ሰከንድ ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩ ለሁሉም የተቆረጠ የሞት ቀጠሮ አይደለም።

የሚያናድደኝ ግን ሁለተኛው ግማሽ መረሳቱ ነው። ጥናቱ የተሠራው መፍትሔ ለማግኘት ነበር። ለእነዚያው ሰዎች ፍጥነት ቀንሰው፣ አውሮፕላኑን አረጋግተው፣ ቀስ ብለው ወደመጡበት እንዲዞሩ አጭር ሥልጠና ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻሉ። በሰከንድ 3 ዲግሪ የሚዞር አውሮፕላን ፊቱን ወደመጣበት ለማዞር (180 ዲግሪ) የሚፈጅበት አንድ ደቂቃ ነው።

«ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው»

አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ኮቤ ብራያንት፣ ልጁና ሌሎች ሰባት ሰዎች ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለቁበት ሄሊኮፕተር አብራሪ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ነበር። በመሣሪያ የመብረር ፈቃድም ነበረው። ደመና ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ ላሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች «ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው» ሲል፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ እየዞረ ቁልቁል እየወረደ ነበር። እየዋሸ አልነበረም። ሰውነቱ የነገረውን ነው የተናገረው። መርማሪዎቹ ደንበኛውን ለማድረስ በራሱ ላይ ያሳደረውን ጫናም አንስተዋል። «ደርሰናል እኮ፣ ትንሽ ነው የቀረን» የምትለዋን ስሜት ሁላችንም እናውቃታለን።

«ደመና ከሌለ ምንም አይደል»

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር ራሱ እያበረረ፣ ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ጁላይ 16 ቀን 1999 አሜሪካ ውስጥ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ፣ የገጠመው ጭጋጋማ ጨለማ ነበር። ታች ውሃ፣ ላይ ጨለማ፤ አድማስ የሚባል ነገር አይታይም። አውሮፕላኑ ኦቶፓይለትም (በራሱ የሚያበርር መሣሪያ) ነበረው፤ እሱም አላዳነውም። ጂፒኤስም ቢሆን የት እንዳለህ እንጂ የትኛው ክንፍህ እንደወረደ አይነግርህም።

«ዝቅ ብዬ በስሩ አልፋለሁ»

ደመናው ዝቅ ሲል መሬቱ ከፍ ይላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 በላይ። ክረምት ላይ እንጦጦን የሚሸፍነው ደመና ከከተማ ሲታይ ስስ ነጠላ ይመስላል። ውስጡ ግን ተራራ አለ።

«በሬዲዮ ከተናገርኩ ፈቃዴ አበቃለት»

መሬት ከወረዱ በኋላ ጥያቄ ሊኖር ይችላል። በሕይወት ሆኖ መጠየቅ ግን ከሁሉም ይሻላል። መጀመሪያ ክንፉን ማስተካከል፣ ቀጥሎ መመለስ፣ ከዚያ መናገር። አስቀድሞ የሚያወሩት ተቆጣጣሪ ከሌለ በአደጋ ጊዜ የሬዲዮ ሞገድ 121.5 ላይ፣ አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀውን መሣሪያ (ትራንስፖንደሩን) በአደጋ ኮድ 7700 አድርጎ፦ «ደመና ውስጥ ገብቻለሁ፣ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ የለኝም፣ እርዱኝ» ማለት ነው። ማሳመር አያስፈልግም።

በአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ለእንዲህ ያለው ሰው የተለየ መመሪያ አላቸው። ካልቸገረ በቀር የሬዲዮ ሞገድ (ፍሪኩዌንሲ) ቀይር አይሉትም። እየዞረ ሳለ ውጣ ወይም ውረድ አይሉትም። ምክንያቱም ያው ጆሮ ነው፦ አብራሪው ሬዲዮውን ለመነካካት ጎንበስ ሲል፣ የዚያች ቱቦ ፈሳሽ እንደገና ይናወጣል።