ሞጁላር ሶፋ ምንድን ነው?

ሞጁላር ሶፋ ማለት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ከሚቆሙና ልካቸው እኩል ከሆነ መቀመጫዎች የሚገጣጠም፣ ባለቤቱም በፈለገው ጊዜ ያለ አናጢ እገዛ ነጣጥሎ በሌላ አኳኋን ሊያሰናዳው የሚችል ሶፋ ነው። ከመቀመጫዎቹ እያንዳንዱ ሞጁል ይባላል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ኤል ሼፕ» እየተባለ የሚሸጠው ሶፋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይምታታል። ኤል ሼፑ ለማጓጓዝ እንዲመች ለሁለት ቢከፈልም መታጠፊያው በቀኝ ወይም በግራ ተወስኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ተከራይ ቤት ቀይሮ የአዲሱ ሳሎን በር በሌላኛው ወገን ሲሆንበት ሶፋው መተላለፊያ ይዘጋል። ሞጁላር ሶፋ ቀኝና ግራ የለውም።

በጎጃም ገጠር በጭቃ ቤት ግድግዳውን ተከትሎ የሚሠራው መደብ የቤቱ አካል ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም፣ የሚቀመጥበት ሰው ወደ የት እንደሚመለከትም ቤቱ ሲሠራ አብሮ ይወሰናል። ሞጁላር ሶፋ በአሠራሩ የመደብ ተቃራኒ ቢሆንም ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው በቤቱ ውስጥ የት፣ ከማን ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ የሚለው። ይህ ከዕቃ ይልቅ የቤት አሠራር ጥያቄ ስለሆነ አርክቴክቶች በሶፋ ንድፍ ላይ መጠበባቸው ሊያስገርም አይገባም።

በሞጁል የመሥራት ሐሳብ የአርክቴክቶች ብቻ አይደለም፤ አሜሪካዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ ሃርቪ ፕሮበር በ1940ዎቹ ተገጣጣሚ መቀመጫዎችን ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡን እስከ ዳር ያደረሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ በ1935 ሚላኖ የተወለደውና በ1959 ከዚያው ከተማ ፖሊቴክኒክ በአርክቴክቸር የተመረቀው ጣሊያናዊው ማሪዮ ቤሊኒ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤሊኒ ከሩዲ ሪቾቲ ጋር ሆኖ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በ2012 የተከፈተውን የእስልምና ሥነ ጥበብ ክፍል የነደፈ አርክቴክት ነው። በ1970 ሲ ኤንድ ቢ ኢታሊያ ለተባለው፣ ኋላ ቢ ኤንድ ቢ ኢታሊያ ለሆነው ፋብሪካ ካማሌዮንዳ የተባለውን ሶፋ ነደፈ። ምርቱ በ1979 ቢቋረጥም አሮጌዎቹ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆነው ስለቆዩ፣ ፋብሪካው በ2020 እንደገና ማምረት ጀመረ።

የካማሌዮንዳ መቀመጫ ጎኑ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ነበር። ካሬ መሆኑ የንድፉ ዋና ብልሃት ነው። መቀመጫው 90 በ70 ቢሆን ኖሮ ሲዞር ከጎረቤቱ ጋር መስመሩ ይዛባ ነበር፤ አራቱም ጎኖች እኩል ሲሆኑ ግን በየትኛውም በኩል ቢገጠም ይስማማል። መደገፊያውና የክንድ ማሳረፊያውም ከመቀመጫው ጋር የሚያያዙት በሽቦ ገመድ፣ በመንጠቆና በቀለበት ስለሆነ ከአንዱ ጎን ተፈትተው በሌላው ይታሰራሉ። ሦስት ሞጁሎች በመስመር ሲቆሙ ረጅም ሶፋ፣ አንዱ ወደ ጎን ሲዞር ባለ መታጠፊያ፣ መደገፊያቸው ተፈትቶ ሁለቱ ሲጋጠሙ ደግሞ መኝታ ይሆናሉ።

ብዙ አስመሳይ ሥራዎች የሚወድቁት ማያያዣው ላይ ነው። መቀመጫዎቹን ጎን ለጎን ማስጠጋት ብቻውን አይበቃም፤ በሴራሚክ ወለል ላይ ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ይንሸራተቱና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ከሥር የሚገባ የብረት ማያያዣ፣ ወይም እንደ ቤሊኒው መንጠቆና ቀለበት ያስፈልጋል፤ ማያያዣውም በእጅ የሚፈታ መሆን አለበት፣ ቁልፍና መፍቻ የሚጠይቅ ከሆነ ባለቤቱ ሶፋውን አንድ ጊዜ ካስቀመጠ በኋላ ዳግም አይነካውም።

ዋጋው ከተራ ሶፋ የሚበልጥበት ምክንያትም ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። የተራ ሶፋ ጀርባ ግድግዳ ስለሚደገፍ ሠሪው በርካሽ ጨርቅ ሊሸፍነው ይችላል፤ ሞጁል ግን የትኛው ጎኑ ለዓይን እንደሚጋለጥ አስቀድሞ ስለማይታወቅ አራቱም ጎኖች በእኩል ጥራት መጨረስ አለባቸው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የራሱ የእንጨት አቃፊ ስላለው ጨርቁም እንጨቱም ይጨምራል። በአንጻሩ አንድ ሞጁል ቢጎዳ እሱ ብቻ ይጠገናል፤ ሁልጊዜ ሰው የሚቀመጥበትን ከማይቀመጥበት ጋር በየጊዜው ቦታ በማለዋወጥም ስፖንጁ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሶፋ ለጎጃም ከተማ ቤቶች ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ጠባብ ደረጃ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል፤ አንድ ሞጁል ግን ሁለት ሰው በቀላሉ ያወጣዋል። ማኅበር ወይም ክርስትና ሲኖር ሳሎኑ ባዶ መሆን አለበት፤ ሞጁሎቹ ተነጣጥለው በአራቱ ግድግዳዎች ሲደረደሩ መካከሉ ለማዕድ ይለቀቃል፣ እንግዶችም ፊት ለፊት ተያይተው ይጨዋወታሉ። እዚሁ ለማሠራት የሚያስፈልገው እንጨት፣ ስፖንጅና ጨርቅ በየከተማው ሶፋ ቤቶች ይገኛል። አቃፊው ከዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ስለሚጣመም የሁለት ሞጁሎች ጠርዝ መገጣጠሙን ያቆማል።

የሚያሠራ ሰው በቅድሚያ የሳሎኑን ግድግዳዎችና የበሩን ስፋት ይለካ። ግድግዳው 3 ሜትር ከሆነ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ሦስት ሞጁሎች 2 ሜትር ከ70 ይይዛሉ፤ የክንድ ማሳረፊያው ከመቀመጫው ውጭ የሚጨመር ከሆነ ውፍረቱ ከቀሪው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ መታሰብ አለበት። ከጨርቁ ጥቅልም ለአንድ ተጨማሪ ሞጁል የሚበቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ቤተሰቡ ሲበዛ አራተኛውን ለማሠራት ሲታሰብ የሚገኘው አዲስ ጥቅል ቀለሙ ከቀድሞው በጥቂቱ ሊለይ ይችላልና።