«እንዳለህ ነበርሁ፤ እንዳለሁ ትሆናለህ»፦ የአንድ የመቃብር ድንጋይ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ፣ በማሳቹሴትስ፣ በኮኔቲከት፣ በቨርሞንትና በኒው ሃምፕሸር የገጠር መንደሮች ያሉትን አሮጌ የመቃብር ቦታዎች ተዘዋውሮ የሚያይ ሰው፣ ከሟቹ ስምና ዕድሜ በታች በደቃቅ ፊደላት የተቀረጹ አራት ስንኞችን ደጋግሞ ማግኘቱ አይቀርም። ቃሉ ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል፤ አንዱ «መንገደኛ ሆይ፣ ቆም በል» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው «ስታልፍ ተመልከት» ይላል። መልእክቱ ግን አንድ ነው፦

«በዚህ ስታልፍ አስበኝ፤
ዛሬ አንተ እንዳለህ እኔም ነበርሁ፤
ዛሬ እኔ እንዳለሁ አንተም ትሆናለህ፤
ለሞት ተዘጋጅ፣ ተከተለኝም።»

ከአራቱ ስንኞች እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ተለይተው የሚጠቀሱት መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ተናጋሪው ሟቹ ይሁን እንጂ የሚነገርለት ሟቹ አይደለም። ስለ ሀብቱ፣ ስለ ማዕረጉ ወይም ስለ ደግነቱ አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ስለ ራሱ ያለው ወሬ ሁሉ «ነበርሁ» ሲል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ በእግሩ ቆሞ ስለሚያነበው ሰው ነው። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል መልካም የሠራ ሰው በሞቱ እንደማይጠፋ መናገራችን ነው፤ የኒው ኢንግላንዱ ስንኝ ይህን መጽናኛ ለማንም አይሰጥም። ስም ስለማይጠራም ለገበሬውም፣ ለዳኛውም፣ በወሊድ ለሞተችው ወጣት ሴትም ያለ አንዳች ለውጥ ይስማማል። ይህ ለማንም የሚሆን መሆኑ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ለድንጋይ ጠራቢው ትልቅ ጥቅም ነበረው።

አባባሉን የኒው ኢንግላንድ ሰዎች አልፈጠሩትም። የጥንት ሮማውያን ሕግ ሬሳ በከተማ ውስጥ እንዳይቀበር ይከለክል ስለነበር መቃብሮቻቸው ከከተማው በር ውጭ በአውራ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። በዚህም ምክንያት የላቲን የመቃብር ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ «መንገደኛ ሆይ» ብለው አላፊውን ይጠራሉ፤ ከእነርሱም መካከል «አንተ የሆንኸውን እኔ ነበርሁ፤ እኔ አሁን የሆንሁትን አንተም ትሆናለህ» የሚሉ ይገኛሉ። መንገደኛው ባለቅኔ የፈጠረው ሰው አልነበረም፤ ዕቃውን ተሸክሞ በዚያ በኩል በእርግጥ የሚያልፍ ሰው ነበር።

ከሮማውያን ዓለም ውጭም ተመሳሳዩ ይሰማል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ፣ በሒራ ከተማ የኖረው ክርስቲያን ዐረብ ባለቅኔ ዐዲ ኢብን ዘይድ ከንጉሡ ከኑዕማን ጋር በመቃብር ስፍራ አጠገብ ሲያልፍ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ መቃብሮች ምን እንደሚሉ ያውቃሉ?» ብሎ ጠይቆ፣ «እናንተ እንዳላችሁ ነበርን፤ እኛ እንዳለን ትሆናላችሁ» የሚለውን ስንኝ እንዳሰማው በዐረብ የሥነ ጽሑፍ ትውፊት ይተረካል። (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራብ አውሮፓ ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ሻርልማኝ አማካሪ የነበረው እንግሊዛዊ ሊቅ አልኩዊን፣ በ804 በፈረንሳይ በቱር ከመሞቱ በፊት ለራሱ ባዘጋጀው የመቃብር ግጥም ይህንኑ ሐሳብ አስገብቶታል። የእንግሊዝ ንጉሥ የሣልሳዊ ኤድዋርድ ልጅ፣ «ጥቁሩ ልዑል» የተባለው ጦረኛ ኤድዋርድ፣ በ1376 ሞቶ በካንተርበሪ ካቴድራል ሲቀበር፣ በኑዛዜው ባዘዘው መሠረት በመቃብሩ ዙሪያ የተጻፈው የፈረንሳይኛ ግጥም ያው ነው። በፍሎረንስ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ማሳቾ በ1427 ገደማ በሣለው የሥላሴ ሥዕል ግርጌ የተጋደመው ዐፅምም በራሱ ላይ በተጻፈው ጣልያንኛ ይህንኑ ይናገራል።

በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ አንድ ነገር ከአባባሉ ተቆርጦ ወድቋል፤ የአባባሉን ትርጉም የሚፈታውም እርሱ ይመስለኛል። አልኩዊን ግጥሙን የሚጨርሰው አንባቢው እንዲጸልይለት በመለመን ነው፤ ልዑሉም የሰማዩ ንጉሥ ነፍሱን እንዲምር ጸልዩልኝ ብሎ ያበቃል። ሁለቱም መንገደኛውን ያስቆሙት የሚፈልጉት ነገር ስለነበረ ነው። ፒውሪታኖች የሚባሉት የኒው ኢንግላንድ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ግን የሰው ዕጣ አስቀድሞ በእግዚአብሔር ምርጫ ተወስኗል፣ ሰው ከሞተ በኋላ የሕያዋን ጸሎት አንዳች አይለውጥለትም ብለው ያምኑ ነበርና ያ ልመና በእነርሱ ድንጋይ ላይ ቦታ አልነበረውም። ፍትሐትንና ተዝካርን እያየ ያደገ አንባቢ ክፍተቱ ወዲያው ይታየዋል፦ ሟቹ «አስበኝ» ይላል እንጂ «ጸልይልኝ» አይልም። ልመናው በወጣበት ቦታ ትእዛዝ ገባ፤ «ለሞት ተዘጋጅ፣ ተከተለኝም»። በዚህ ትእዛዝ ላይ የቀለዱም አልታጡም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለድንጋዩ መልስ ይሆን ዘንድ የሚጠቅሱት አንድ የቆየ ሁለት ስንኝ፣ «ወዴት በኩል እንደ ሄድህ ሳላውቅ ልከተልህ አልወድድም» ይላል። ቀልዱ ቀላል ቢመስልም የሚነካው ያንኑ የመመረጥና ያለመመረጥ ጭንቀት ነው።

ስንኙን በድንጋይ ላይ ያሰፈሩት ሰዎች የከተማ ቀራጺዎች አልነበሩም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የገጠር የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ብዙውን ጊዜ በእርሻ ወይም በግንበኝነት ጭምር የሚኖር፣ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ የተማረ ሰው ነበር። በሥራው ላይ ስሙን የሚያኖረው ከስንት አንዱ ነው። የብዙዎቹ ማንነት የታወቀው የሟቾች ውርስ ሲጣራ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ለመቃብር ድንጋይ ለእነርሱ የተከፈለው ገንዘብ ተመዝግቦ በመገኘቱ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የማሳቹሴትሷ ሃሪየት ሜሪፊልድ ፎርብስ ድንጋዮቹን ፎቶ እያነሣች ከእነዚህ መዛግብት ጋር በማመሳከር የብዙዎቹን ስም አውጥታለች። ከእርሷ ዘመን በፊት የነበረ አንድ ሰው ግን መዝገብ አላስፈለገውም፦ በሮድ አይላንድ በኒውፖርት ከተማ በባርነት የነበረው ጥቁር ጠራቢ ፖምፒ ስቲቨንስ፣ በ1768 ለሞተው ወንድሙ በቀረጸው ድንጋይ ላይ ሥራው የእርሱ መሆኑን በግልጽ ጽፎ ትቷል።

በአሮጌው ዘመን የሚመረጠው ድንጋይ ስሌት የሚባለው፣ በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነበር። ጠራቢው ፊቱን አለስልሶ በሹል ብረት ስስ መስመሮችን ያሰምራል፣ ፊደላቱን ይነድፋል፣ ከዚያም በመሮና በመዶሻ ከግራና ከቀኝ እያዘነበለ ጎድጓዳው ወደ ታች እንዲሾል አድርጎ ይቀርጻቸዋል። አሠራሩ ይቅርታ የለውም። ቦታ ሲያጥረው የቃሉን መጨረሻ አሳንሶ ከመስመሩ በላይ ይሰቅለዋል፤ የዘለለውን ፊደል ደግሞ እንደ ተማሪ ደብተር ከታች ምልክት አድርጎ ከላይ ያስገባዋል። እንዲህ ያሉ እርማቶች ዛሬም በየመንደሩ ይታያሉ፤ ለእኔ ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ የጠራቢውን እጅ የሚያሳዩ እነርሱ ናቸው።

ታዲያ በዚህ ሥራ ውስጥ የተዘጋጀ ስንኝ ምን ያህል እንደሚያግዝ መገመት አያስቸግርም። ብዙ ጠራቢዎች ጽሑፉን ፊደል ቆጥረው ያስከፍሉ ስለነበር አጭር መሆኑ ለቤተሰቡ ይረዳል፤ ጠራቢው ደጋግሞ ስለቀረጸው የት እንደሚሰበር፣ ስንት መስመር እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ምን ይጻፍ በሚለው ሲቸገር ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማይነቅፈው ቃል አለ። አባባሉ ከአልኩዊን ግጥም እስከ ገበሬው መቃብር የወረደው በሰባኪዎች ኃይል ብቻ ነው ማለት ይከብዳል፤ ለመሮው የሚመች መሆኑም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ከስንኙ በላይ የሚቀረጸው ሥዕል ግን አልጸናም። ጀምስ ዲትዝና ኤድዊን ዴትለፍሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ የማሳቹሴትስን የመቃብር ድንጋዮች በዓመት በዓመት ለይተው እንዳሳዩት፣ መጀመሪያ ክንፍ ያለው የራስ ቅል ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ቀስ በቀስ ለክንፋም የመልአክ ፊት ቦታውን ለቀቀ፤ ከክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የሁለቱንም ስፍራ የተቃጠለ ሬሳ አመድ ማኖሪያ ማሰሮና በላዩ ያዘነበለ የአኻያ ዛፍ ወሰደው። አኻያው «በአኻያ ዛፎችዋ ላይ መሰንቆቻችንን ሰቀልን» ከሚለው መዝሙር ጀምሮ የሐዘን ምልክት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ጽሑፉም አብሮ ተለወጠ፦ «የእገሌ ሥጋ በዚህ ዐርፏል» ይል የነበረው ድንጋይ «ለእገሌ መታሰቢያ» ማለት ጀመረ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠራቢ አኻያውን ቀርጾ ከሥሩ «እንዳለህ ነበርሁ» ብሎ ሲጽፍ የሁለት ዘመን ስሜት በአንድ ድንጋይ ላይ ያገናኝ ነበር፤ ከላይ ያለው ያጽናናል፣ ከታች ያለው ያስፈራራል።

አባባሉን ያዳከመው ከሁሉ በላይ የመቃብሩ ቦታ መለወጥ ነው እላለሁ። በ1831 በቦስተን አጠገብ በኬምብሪጅ የተከፈተው የማውንት ኦበርን መካነ መቃብር፣ በማሳቹሴትስ የአትክልት ማኅበር ድጋፍና በሐኪሙ በጄኮብ ቢግሎው ሐሳብ የተመሠረተ፣ ኮረብታና ኩሬ ያለው፣ በዛፍ የተሞላ ሰፊ መናፈሻ ነበር። በፊላደልፊያ ሎረል ሂል በ1836፣ በብሩክሊን ግሪን ዉድ በ1838 ተከተሉት። ከትልልቅ ከተሞች አጠገብ ቢሆኑም «የገጠር መካነ መቃብር» ተባሉ። አሮጌው የመቃብር ቦታ በመንደሩ መካከል፣ ከጸሎት ቤቱና ከመንገዱ ዳር ስለነበር ሰው ለወፍጮም ለገበያም ሲሄድ ድንጋዮቹን ሳይፈልግ ያነብባቸው ነበር። ወደ ማውንት ኦበርን የሚሄድ ግን አስቦ፣ አበባ ይዞ፣ ሊጽናና የሚሄድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን «ለሞት ተዘጋጅ» ብሎ ማስደንገጥ ተገቢ ሆኖ አልታየም። በምትኩ «ቀድሞን ሄደ እንጂ አልጠፋም»፣ «በኢየሱስ አንቀላፋ» የሚሉ ጽሑፎች በዙ፤ ፋሽኑም ወደ ገጠር መንደሮች ዘለቀ።

የድንጋዩ ዓይነትም ተለወጠ። ከቨርሞንት የሚወጣው ነጭ እብነ በረድ፣ በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የባቡር ሐዲዱ ሲስፋፋ፣ የስሌትን ቦታ ወሰደ። ለመሮ የለሰለሰ፣ ለዓይን የጠራ ነው፤ ነገር ግን በከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ድኝ ከዝናብ ጋር ሲገናኝ የእብነ በረዱን ፊት ወደ ጀሶ ይለውጠዋል፣ ጀሶውም ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ በብዙ መንደሮች የ1750ዎቹ ስሌት ትናንት የተቀረጸ መስሎ ሲነበብ፣ ከእርሱ በመቶ ዓመት የሚያንሰው እብነ በረድ እንደ ስኳር ቀልጦ ይገኛል። ቀድመው የሚጠፉት በጥልቀት ያልተቀረጹት የግርጌው ደቃቅ ስንኞች ናቸው። እነርሱን ማንበብ የሚፈልግ ሰው የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከጎን ያሳርፍባቸዋል፤ በወረቀትና በከሰል ማሸት የላላውን ድንጋይ ስለሚያራግፍ በብዙ ቦታ አይፈቀድም። «ስታልፍ» እና «ነበርሁ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ከተለዩ የቀረውን ስንኝ ማንም አንባቢ በቃሉ ይሞላዋል፤ የሟቹን ስም ግን ከመንደሩ የሞት መዝገብ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ደብተር ሄዶ መፈለግ አለበት።