ስለ እናቶችና ስለ ልጃገረዶች ጤና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው የጨመረው አዋላጅ ነርሶች እና እስከ ወረዳ የወረዱት አምቡላንሶች በዚህ ለውጥ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ሆኖም 412 ሞት አሁንም የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው፤ አብዛኛው ሊቀር የሚችል ሞት በመሆኑም ይበልጥ ያስቆጫል።

በየቤቱ የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ከዚህ ለውጥ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አብዛኞቹ ጥፋቱን በሴቷ ላይ ይጥላሉ፤ ሰውነቷ ደካማ ነው፣ ዕጣዋ ነው፣ ከቤተሰቧ የወረደባት ነው ይላሉ። ጥናቶቹ ግን ደጋግመው የሚያመለክቱት በዙሪያዋ ወዳለው ነገር ነው፤ ወደ መንገዱ ርቀት፣ ወደ ሰዓቱ፣ ወደ መድኃኒቱ፣ ወደ ባለሙያው እጅ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«እናቶቻችን ቤት ወልደው ምን ሆኑ?»

ብዙዎቹ በሰላም ተገላግለዋል፤ እውነት ነው። ይህን የምንሰማው ግን ከተረፉት አንደበት ነው። በ2011 በተደረገው ዳሰሳ ቤት የወለዱ ሴቶች ለምን ጤና ተቋም እንዳልሄዱ ሲጠየቁ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ «አስፈላጊ አይደለም»፣ ሦስት ያህሉ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ብለው መልሰዋል። ያኔ በጤና ተቋም የምትወልደው ከአሥር እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። በ2019 ከመቶ 48 ደርሷል።

የወሊድ አስቸጋሪነቱ አስቀድሞ አለመናገሩ ነው። አራት ልጆች በሰላም የወለደች፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል ሁሉ ነገሯ ደህና ነው የተባለች ሴት በአምስተኛው ልትደማ ትችላለች። በዓለም ላይ ዋነኛው የእናቶች ገዳይ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ሲሆን፣ ማህፀን ሳይኮማተር ከቀረ ጤነኛ የነበረች ሴት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። በ2017 ውጤቱ የታተመ፣ በ21 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚደርሰውን ሞት በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ጥቅሙ አልታየም። ቤት ወልዳ መድማት የጀመረችን ሴት ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ፣ ዳገትና ቁልቁለት ተወርዶ ጤና ጣቢያ እስክትደርስ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ የገጠሩን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

በ2023 ደግሞ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ እና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ውጤት ወጣ። አዋላጆቹ የፈሰሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ መለኪያ በተጻፈበት የፕላስቲክ ከረጢት መሰብሰብ ጀመሩ። መጠኑ ከገደቡ እንዳለፈ ሳይጠባበቁ ማህፀኑን ማሸት፣ መድኃኒቱን፣ በደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ እና ምርመራውን በአንድ ላይ አከናወኑ። በዚህም ከባድ የደም መፍሰስና ተያያዥ አደጋው በ60 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ አልገባበትም፤ የሚጠይቀው ግን የሠለጠነ ሰው አጠገቧ መኖሩን ነው።

ቤት መውለድን የመረጠችውን ሴት «አላዋቂ» ብሎ መሳደብ ግን ሌላ ስሕተት ነው። ቀዝቃዛ አልጋ፣ ዘመድ የማይገባበት ክፍል፣ የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠማት ሁለተኛ አትመለስም፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። ወላዷ የምትፈልገው ሰው አጠገቧ እንዲቆም የፈቀዱ፣ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ ያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎች ይህን ተረድተዋል። ክብርና ሕክምና አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

«ጤና ጣቢያ ከገባች ድናለች»

ይህኛው የተማረው ሰው ስሕተት ነው። ተመራማሪዎች በ1994 ሦስቱ መዘግየቶች ብለው የለዩት ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለመሄድ መወሰን ይዘገያል፣ መድረስ ይዘገያል፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና ማግኘት ይዘገያል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው ከቆመ መርፌው በስም ብቻ ይቀራል።

በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ከ157 ሺህ በላይ እናቶችና ሕፃናትን ያካተተ ጥናት በ2017 ታትሟል። አዋላጆች በእያንዳንዱ ወሊድ የሚሞሉት የማረጋገጫ ዝርዝር እና የቅርብ ክትትል አሠራራቸውን አሻሻለው። የእናቶችና የሕፃናት ሞት ግን አልቀነሰም። ውጤቱ የሚያስከፋ ቢሆንም ይጠቅመናል። ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ደም፣ ቀዶ ሕክምና እና ሪፈር የሚተካ እንዳልሆነ በግልጽ አሳይቷልና።

በአገራችን በጉራጌ የሚገኘው አታት ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። መንገዷ የራቀ ወይም አስጊ ምልክት ያለባት እርጉዝ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እዚያው ትቆያለች። የ22 ዓመታት መዝገብ ሲመረመር በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞት መጠኑ ከ100 ሺህ ወሊድ 90 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤት ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት ግን ትክክል አይሆንም፤ ከቤት በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና። ቢሆንም ምጥ ሳይጀምር መቅረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ይህ ይበቃል።

«ሾተላይ አለባት»

ልጅ እየወለደች የሚሞትባት ሴት በመንደሩ የሚሰጣት ስም ይህ ነው። ባሏ እንዲፈታት የሚመከርበት፣ ሰርግና ክርስትና ላይ በጎሪጥ የምትታይበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም አለ። ለዓመታት በክፉ መንፈስ ሲመካኝ ከኖረው ሐዘን አንዱ ክፍል የደም ዓይነት ጉዳይ ነው። የእናትየው ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው አር ኤች ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሊሻገር ይችላል። ሰውነቷ ይህን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይወለዳል። አደጋው የሚመጣው በሚቀጥሉት ላይ ነው፤ የእናቱ መከላከያ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። «በኩሯን ወልዳ ሌላው አልበረክትላት አለ» የሚባለው ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መድኃኒቱ ፀረ ዲ መርፌ ነው፤ ከ1968 ጀምሮ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ይገኛል። ካልተሰጠ እንዲህ ካሉ 100 እናቶች 16 ያህሉ መከላከያውን ሊያመርቱ ይችላሉ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ ሁለት ይወርዳል፣ በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ተጨማሪ ሲወሰድ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ከውርጃ በኋላም ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አባትየውም አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ችግሩ አይፈጠርም። መርፌው ግን አንዴ መከላከያው ከተመረተ በኋላ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ ስለዚህ የደም ዓይነትን በመጀመሪያው እርግዝና፣ በመጀመሪያው ክትትል ማወቅ ይገባል። ልጅ በተደጋጋሚ የሞተባት ሴት ሁሉ የዚህ ችግር ተጠቂ ናት ማለትም አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ ስኳር እና ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

«ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል»

አትብላ የሚባለው እንቁላል፣ ወተት፣ ሙዝ ነው፤ ወተቱ በልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን ፅንሱ በማህፀን ሳለ ቆዳውን የሚጠብቅለት የራሱ ሥሪት ነው፤ ከእናቱ ምግብ ጋር አይገናኝም። የተጎዳች እናት ምጧ አይቀልላትም፤ ደም ማነሷ የወሊድን መድማት ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በጾም ወቅት ያለች እርጉዝ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር ሸክሟ ይቀላል።

እንገሩም እንዲሁ ነው። ቢጫ ስለሆነ «የቆሸሸ» ተብሎ ይታለብና ይፈሳል፣ በምትኩ ቅቤ ይዋጥለታል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ የመጀመሪያ ምግቡ ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ቅቤው ለእናትየው ገንፎ ይሁን።

«ፌስቱላ እርግማን ነው»

ሐኪሞቹ ካትሪን እና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ያቆሙት በዚህ ሕመም ከቤት የተገፉ ሴቶችን አይተው ነው። ምጥ ለቀናት ሲዘጋ የሕፃኑ ራስ በእናትየው የዳሌ አጥንት መካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ከዚያ ሽንት ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ዳሌዋ ገና አድጎ ያልጨረሰ ልጅ ስትወልድ አደጋው ይበዛል። ግን የልጅ እናቶች ብቻ ሕመም አይደለም፤ ብዙ የወለዱ ሴቶችም ይያዛሉ። የጋራ ጉዳያቸው በጊዜው ያልደረሰ ቀዶ ሕክምና ነው። ፌስቱላ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ተደብቃ የምትኖር ዘመድ ያለችው ሰው ይህን ሊነግራት ይገባል።

«ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀረው ሕግ ብቻ ነው»

በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 አድርጎታል። ሕጉ ያስፈልጋል። ወላጅ ግን ልጁን የሚድረው በጭካኔ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ሲርቅ፣ ደብተር መግዣ ሲጠፋ፣ ክብሯ ይነካል ብሎ ሲፈራም ነው። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል በሞሰቦ ይህንኑ ምክንያት ለመንካት ሞከረ። ለልጃገረዶች የመሰብሰቢያ ቡድንና የትምህርት ቁሳቁስ ተዘጋጀ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት ተካሄደ፣ ሳያገቡ ላጠናቀቁ ደግሞ በግ ወይም ፍየል ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የማግባት ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ፣ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ የላቀ ሆነ።

ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ግን ተቃራኒ ውጤት አሳዩ፤ በፕሮግራሙ አካባቢ ማግባታቸው በዛ። ይህን ክፍል የፕሮግራሙ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ መዘለል ግን የለበትም። ለ12 ዓመት ልጅ የሚሠራው ለ17 ዓመቷ ላይሠራ ይችላል። ቆይቶ የፕሮግራሙ ድጋፎች ተለያይተው ሲፈተኑ ከ12 እስከ 14 ላሉት የትምህርት ቁሳቁስ ብቻውን ጋብቻን በ94 በመቶ ሲቀንስ፣ ከ15 እስከ 17 ያሉት ደግሞ ሳያገቡ እንዲቆዩ ሁለት ዶሮ ሲሰጣቸው ጋብቻው በግማሽ ወርዷል።

«ክትባቱ ልጃገረዶችን መካን ያደርጋል»

የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ይህ ወሬ ከክትባቱ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ክትባቱ በሕይወት ያለ ቫይረስ የለውም፤ የመውለድ ችሎታን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃም የለም። መውለድን የሚነጥቀው ካንሰሩና ሕክምናው ነው። በ2024 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡ ሴቶች ላይ ሥር የሰደደ የማህፀን በር ካንሰር አንድም አላገኘም። ልጅነት ላይ የሚሰጠውም ለመባለግ ፈቃድ ለመስጠት ሳይሆን ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘት በፊት ሲወሰድ ስለሚበረታ ነው። በኬንያ ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት አንድ መርፌ እንኳ ዋና ዋናዎቹን ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች ከ97 በመቶ በላይ እንደሚከላከል በማሳየቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ዙር በቂ ሊሆን እንደሚችል አሳውቋል። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ልጅ ግን ከአንድ በላይ ዙር ያስፈልጋታል፤ ወላጇ ይህን ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ ይንገር።