«ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

«ረቂቁ ከምን ደረሰ?»
«ኧረ ተወኝ፣ ዘግቶኛል። ስሜቱ አልመጣልኝ አለ።»
«መቼ ይመጣል?»
«እሱን ማን ያውቃል!»

እንዲህ ያለ ስልክ ስንት ጊዜ እንዳወራሁ መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ አርትዖት ነው። የሰው ረቂቅ ተቀብዬ አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ እመልሳለሁ። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ያልመጣ ረቂቅ ስጠብቅ አሳልፋለሁ። ከሠዓሊ ጓደኞቼም የምሰማው ያው ነው፤ ወረቀቱ በሸራ ይተካል እንጂ።

መዘጋት የለም አልልም። እኔንም ዘግቶኝ ያውቃል፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የሚያበግነኝ ስለ መዘጋት የሚወራው ነው። አንዱ ያለውን ሌላው ይደግመዋል፣ ሁሉም ተጽናንቶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ወሬዎቹን አንድ በአንድ ልያቸው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

«የሚዘጋው ተሰጥኦ የሌለው ሰው ነው»

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ራክማኒኖቭ ተሰጥኦ አልነበረውም የሚል ካለ ይምጣ። የመጀመሪያ ሲምፎኒው በ1897 ለሕዝብ ቀርቦ ክፉኛ ተዘለፈ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ገደማ ይህ ነው የሚባል ነገር መድረስ አቃተው። ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም አክሞት ነው ወደ ሥራው የተመለሰው። ሲመለስ የደረሰውን ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ለሐኪሙ አበረከተለት። ፒካሶም ቢሆን በ1935 ሥዕል አቁሞ ለወራት ግጥም ሲጽፍ ነበር። ሌላ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ራይተርስ ብሎክ በሽታ ነው»

ፈረንጆቹ የጸሐፊን መዘጋት እንዲህ ይሉታል። ስሙን ያወጣው ኤድመንድ በርግለር የሚባል የፍሮይድ ተከታይ ሐኪም ነው፣ በ1940ዎቹ። ሰውዬው የችግሩን ሥር ፍለጋ እስከ እናት ጡት ወተት ድረስ ሄዷል። ዛሬ ያንን ትንታኔ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ስሙ ግን ቀረ። ስም ደግሞ አደገኛ ነገር ነው። «ብሎክ አለብኝ» ያለ ሰው ምን እንዳመመው ያወቀ ይመስለዋል። ግን እኮ «ሆዴን አመመኝ» እንደ ማለት ነው። ሆድ በመቶ ምክንያት ያማል፤ መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ነው።

(በ1974 ዴኒስ አፐር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ የራሱን ራይተርስ ብሎክ ለማከም ሞክሮ እንዳልተሳካለት የሚገልጽ ጽሑፍ በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ አሳተመ። የጽሑፉ ቦታ ላይ አንድም ቃል የለም። ባዶ ነው። በዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው።)

እርግጥ ከመጻፍ አልፎ መብላቱም፣ መተኛቱም፣ ሰው ማየቱም ያስጠላው ሰው ጉዳዩ የጽሑፍ አይደለም። እሱ ሐኪም ጋ ይሂድ። ረቂቁ ይቆየዋል።

«ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ»

መጣን ወደ ዋናው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አልቀየምም፣ ይህችን ግን ያዙልኝ።

አንድ ገጣሚ አውቃለሁ፣ ጎበዝ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስሜቱን ጠበቀ። አንድ ቀን ሰለቸኝና ጠየቅኩት፦ «ባለፈው ስሜቱ ሲመጣልህ የት ነበርክ?» አሰበ፣ አሰበ። «ጠረጴዛዬ ላይ» አለኝ። «ምን ስታደርግ?» «አንድ የቆየ ግጥሜን እየገለበጥኩ ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ አንድ ቃል ኮሰኮሰኝ። ቀየርኩት። ከዚያ አዲሱ መጣ።» ይኸውላችሁ! ስሜቱ ሲመጣ ሰውዬው ብዕር ይዞ፣ ወረቀት ላይ አጎንብሶ ነበር። እሱ ግን የሚያስታውሰው መምጣቱን ብቻ ነው። መገልበጡን እንደ ሥራ አልቆጠረውም።

እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። ስሜት ሥራው መሃል ነው የሚገባው፤ ከጀመሩ ከሃያ ደቂቃ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ በ1878 ለደጋፊው በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ብሏል፤ ተመስጦ ሰነፍ ቤት የማይመጣ እንግዳ ነው በሚል መንፈስ።

እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ደግሞ አለላችሁ። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ከመደበኛ ሥራው በፊት ይጽፋል። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ከራሱ ይጠብቃል። በዚህ አካሄድ 47 ልቦለዶች ጽፏል። የሚገርመው የኋላው ነው። በ1882 ሞተ፤ በዓመቱ የሕይወት ታሪኩ ታተመ፤ አሠራሩንም እዚያው ላይ ዘርዝሮት ስለነበር አንባቢው አኮረፈ። በሰዓት የተጻፈ ነገር እንዴት ጥበብ ይሆናል ተባለ። ያንኑ ልቦለድ እኮ ትናንት ሲያደንቁት ነበር!

ተረት በተረት ነው የሚለኝ ደግሞ አይጠፋም። እሺ፣ ሮበርት ቦይስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 ያወጣው ጥናት አለ። መጻፍ ያቃታቸውን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሦስት ቦታ ከፈላቸው። አንደኞቹ የግድ ካልሆነ በቀር እንዳይጽፉ ተነገራቸው። ሁለተኞቹ ሲያሰኛቸው ብቻ እንዲጽፉ ተፈቀደላቸው። ሦስተኞቹ አሰኛቸውም አላሰኛቸውም በቀጠሮ ይጽፋሉ፤ ካልጻፉ ቅጣት አለ። የተገደዱት ብዙ ገጽ ጻፉ፤ ይህ አይገርምም። አዲስ ሐሳብ የበዛላቸውም እነዚያው የተገደዱት ናቸው። እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚፈርሰው።

አንዳንዱ ገጣሚውን ሪልከን ይጠቅስልኛል። «የዱዊኖ ኤሌጂዎች» የተባሉትን ግጥሞቹን በ1912 ጀምሮ በየካቲት 1922 በጥቂት ቀናት ጨረሳቸው፤ ጠብቆ አይደል ወይ ይለኛል። አዎ፣ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። በመሃሉ ግን ሌላ ግጥም ይጽፍ ነበር፣ ይተረጉም ነበር፣ ደብዳቤውማ አያልቅም። እጁ ሥራ አልፈታም። አንተ ወንድሜ፣ ከመጋቢት ወዲህ ለማን ደብዳቤ ጽፈሃል?

«በሕልሜ መጣልኝ» የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። ኮልሪጅ አንዱን ዝነኛ ግጥሙን በሕልም እንዳገኘው በ1816 ሲያሳትመው ተናግሯል። በራሱ እጅ የተጻፈ የዚያው ግጥም ቅጂ ዛሬም አለ፤ ከታተመው ጋር ቃል በቃል አይገጥምም። ሕልሙን ተቀበልን እንበል። ከነቃ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ አርሞታል።

«ዘጋኝ ማለት ሐሳብ አለቀብኝ ማለት ነው»

ይህም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰውን አለቦታው ፍለጋ ይልከዋል። ሐሳብ ፍለጋ ይወጣል፣ ፊልም ያያል፣ መጽሐፍ ያገላብጣል። የተበላሸው ነገር ደግሞ ቤቱ፣ ረቂቁ ውስጥ ነው ያለው።

አንዲት ልቦለድ ጸሐፊ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሁለት ወር ተገተረች። ገጸ ባሕርይዋ ቁልፍ በእጁ ይዞ የወንድሙ ቤት በር ላይ ቆሟል። አልገባ አላት። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈችው። አንዴ ዝናብ ጨመረች። አንዴ ቁልፉ እንዲወድቅበት አደረገች። አንዴ ጎረቤት መጥታ አናገረችው። ሰውዬው ግን ንቅንቅ የለም። «አልቆብኛል» አለችኝ። እስቲ አምጪው ብዬ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። ምዕራፍ ሰባት ላይ እህቱ በስልክ ታወራዋለች፤ በወሬዋ መሃልም «ወንድምህ እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል» ትለዋለች። በቃ! ቤቱ ባዶ መሆኑን ካወቀ በሩን ለምን ይከፍታል? ደራሲዋ አላስተዋለችውም፤ እጇ ግን አውቆባታል። ያችን የእህትየውን አንድ መስመር ሰረዘች። በሳምንቱ ምዕራፍ አሥር ላይ ነበረች።

ለዚህ ነው ሰው ዘጋኝ ሲለኝ ስለቆመበት ገጽ የማልጠይቀው። ወደ ኋላ ሃያ ገጽ ሂድ እለዋለሁ። ሁሉ ነገር በደህና ይሄድ የነበረበትን የመጨረሻ ቦታ ፈልግ። ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ውሳኔ ላይ አፍጥጥበት።

ሠዓሊዎችም ዘንድ ያው ነው። አንድ ወዳጄ የአንዲት ሴት ሥዕል ይዞ ዓይኖቿን አሥር ጊዜ ፋቀ። ሸራውን በመስታወት አየው፣ ቀጥሎም ዘቅዝቆ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ያኔ ታየው። ዓይኖቹ ምንም አልሆኑም፤ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ሥዕል ሲዘቀዘቅ ፊት መሆኑ ይቀርና ቅርጽ ብቻ ይሆናል። ስሕተትን እንደዚያ የሚያጋልጥ ነገር የለም። ጽሑፍ ለሚጽፍ ደግሞ መስታወቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

ለነገሩ ራልፍ ኤሊሰንን ተመልከቱ። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1952 ወጣ። ሁለተኛውን እስከ ሞተበት እስከ 1994 ድረስ አልጨረሰም። ሲሞት የተገኘው ግን ከ2,000 ገጽ በላይ ረቂቅ ነው። ይህ ሰው ሐሳብ አለቀበት ትሉታላችሁ?

«የመጀመሪያው ረቂቅ ማማር አለበት»

አፍ አውጥቶ እንዲህ የሚል የለም። ግን ብዙ ሰው የሚዘጋው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ማታ ላይ ገጹ ጠዋት እንደነበረ ባዶ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ገጽ መግቢያ እንድጽፍ ተጠየቅኩ። ለሰው ሁሉ ምክር የማድለው ሰውዬ አምስት ሳምንት አንድ አንቀጽ መጻፍ አቃተኝ። አንድ የማከብራቸው አስተማሪዬ እንደሚያነቡት አውቅ ነበር። እያንዳንዱን ቃል እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩት ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ሳህን እያጠብኩ ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ለጓደኛዬ እንደማወራ አወራሁት። ዘጠኝ ደቂቃ። ግማሹ «እንትን» እና «ማለቴ» ነው። የቀረውን ገለበጥኩት። መግቢያው እሱ ሆነ።

ሄሚንግዌይ የአንድ ልቦለዱን መጨረሻ 39 ጊዜ እንደጻፈው ለጠያቂው ነግሮታል። በ2012 ወረቀቶቹ ሲታተሙ 47 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከእነዚያ መሃል አብዛኞቹ የማይረቡ ነበሩ ማለት ነው። አንድም እንኳ የማይረባ መጨረሻ ለመጻፍ ፈቃደኛ ባይሆን ኖሮ መጨረሻ አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ አስቀይማችሁ ጻፉ። የምትፈሩትን አንባቢ አስወጡትና ለአንድ ለምትወዱት ሰው እንደ ደብዳቤ ጀምሩት። የማይመጣላችሁን ቦታ «እዚህ ጋ ይጣላሉ» ብላችሁ እለፉት፤ ጠቡን ነገ ትጽፉታላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እጃችሁ ወደ ማጥፊያው ከሮጠ በእስክሪብቶ ጻፉ። ሸራው ካስፈራችሁ በርካሽ ወረቀት ላይ በከሰል ሞክሩት። ርካሽ ወረቀት ማንንም አያስፈራም።

«ቀነ ገደብ ፈጠራን ይገድላል»

አንዳንዱን ይገድላል። ፒካሶ ግን በ1937 መጀመሪያ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ ታዘዘ፤ ወራት ሲያልፉ ርዕስ እንኳ አልያዘም። ሚያዝያ 26 የስፔኗ የጌርኒካ ከተማ በቦምብ ተደበደበች። የመጀመሪያ ንድፎቹን ግንቦት 1 ሠራ፤ ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋውን ሸራ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጨረሰ። ርዕሱን የሰጠው ቁጣው ነው። ቀኑ ባይቆረጥለትና ግድግዳው ባይጠብቀው ኖሮ በአምስት ሳምንት ይጨርስ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

«ዕረፍት ያስከፍታል»

ከሥራ በኋላ አዎ። ችግሩን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ውጡና በእግራችሁ ሂዱ። በ2014 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ሰው ሲራመድ ከተቀመጠበት ይልቅ ብዙ ዓይነት ሐሳብ እንደሚያፈልቅ አሳይቷል። ምንም ሳይጀምሩ ማረፍ ግን ሌላ ስም አለው።

«ትንሽ ስቀምስ ይለቅልኛል»

ወሬው ይለቅልሃል። በማግስቱ የጻፍከውን አንብበው።

«አዲስ ላፕቶፕ ብገዛ…»

አለፍኩት።

እኔም በበኩሌ ስልክ ላይ የምጠይቀውን ቀይሬያለሁ። «ረቂቁ ከምን ደረሰ?» ማለት ትቻለሁ። «መጨረሻ ላይ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር አንብብልኝ» ነው የምለው። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ወንበር ሲንሲያጠጥ እሰማለሁ።

«ቆይ አንዴ» ይለኛል፣ «ፋይሉን ልክፈተው።»