ቻርት ዳተም ምንድን ነው? ባሕሩ አልጠለቀም፣ አልሞላምም

ሰሞኑን አንዱ የድሮ የእንግሊዝ የባሕር ካርታና የዛሬውን ጎን ለጎን ለጥፎ "7 የነበረው 12 ሆኗል፣ ባሕሩ 5 ሜትር ጠልቋል" ይላል። ወንድሜ የድሮው በፋዘም ነው (የድሮ የባሕር መለኪያ፣ አንዱ 1.83 ሜትር ገደማ)፣ 7ቱ ሲባዛ 12.8 ሜትር ይመጣል፣ ይሄን እንለፈው። እኔን ያናደደኝ ከስሩ መጥቶ "እንግዲያው 80 ሳንቲም ደለል ሞልቶታል" ያለው ነው፣ አዋቂ ይመስላላ።

የካርታው ቁጥር ከዛሬው የውሃ ፊት አይደለም የሚቆጠረው። ባሕር ይሞላል ይጎድላል፣ ስለዚህ ቀያሾቹ ውሃው ሲጎድል የሚደርስበትን ዝቅታ ዜሮ ብለው ከዛ ወደ ታች ይቆጥራሉ፣ ቻርት ዳተም እሱ ነው። ዜሮው ራሱ ግን ይቀያየራል! እንግሊዞች ድሮ የትልቁን ታይድ (የባሕሩን መሙላትና መጉደል) አማካይ ዝቅታ ነበር የሚይዙት፣ አሁን በስሌት የሚገኘውን የመጨረሻውን ዝቅታ ነው፣ ዜሮው ወረደ ማለት ነው፣ ያልተነካ መሬት ደለል የሞላው ይመስላል።

ልጅህን ግድግዳ ላይ በቾክ ለክተህ፣ ከዛ ወለሉ ላይ 10 ሳንቲም ሊሾ ብታፈስ በነጋታው ልጁ ከምልክቱ በላይ ነው፣ አደገ ትላለህ? ካርታው ላይ ደግሞ ከአምስት ልጆች የአጭሩ ቁመት ብቻ ነው የሚጻፈው፣ መርከብ እንዳይነካ ጥልቀቱ ያነሰው ተመርጦ ስለሚታተም። በዛ ላይ የድሮው 7 ተጠጋግቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ፋዘም ደግሞ ወደ 90 ሳንቲም ነው፣ ያንተ 80 እዛው ውስጥ ትጠፋለች።

የድሮ ካርታ አይረባም እያልኩ አይደለም። ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ያለውን ሳን ፓብሎ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. በ1856 የተለካውን በ1887 ከተለካው ጋር አስተያይተው ወርቅ ፈላጊዎች ተራራ በውሃ ሲያጥቡ የወረደው ከ200 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ አፈር እንደተኛበት አውቀዋል። ግን የሠሩት ከታተመው ካርታ ሳይሆን ነጥቦቹ ሁሉ ካሉበት ከመጀመሪያው የቅየሳ ወረቀት ነው፣ ዜሮውንም አስተካክለው። ባያስተካክሉ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የ20 ሳንቲም ስህተት 20 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሌለ አፈር ይፈጥርልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የታተመበት ዓመት የተለካበት ዓመት አይደለም። ቀይ ባሕርን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1829 እስከ 1834 በገመድ ለክተውት ያ ልኬት ለብዙ አስርት ዓመታት እየታተመ ቆይቷል። ሁለት እትም ይዘህ "ምንም አልተለወጠም" ካልክ አንዱን ልኬት ከራሱ ጋር አነጻጽረህ ሊሆን ይችላል።