ውሻ ሲነክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብዙም አልጠለቀ፤ ቡና ነስንሰን ብናስረው ይበቃል።»

በሐረርም በድሬዳዋም ይህ ዛሬም ይደረጋል፤ በጣም የሚያሳዝነንም ይኸው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ቡና፣ ጨው ወይም ነጭ ሽንኩርት ምራቁን ቁስሉ ውስጥ ከማስቀረት በቀር የሚፈይደው የለም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሰዓት እያያችሁ 15 ደቂቃ እጠቡት። ቧንቧው ከደረቀ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። ከዚያ አዮዲን ቀብታችሁ፣ ሳታስሩት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሐኪሙ ቁስሉን ወዲያው ባይሰፋው አትቆጡ፤ መስፋት ቫይረሱን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ።

«ውሻው ጤነኛ ነው» ወይም «ገድለነዋል፤ አለቀ።»

ውሻ የሕመም ምልክት ከማሳየቱ ከጥቂት ቀናት በፊትም በምራቁ ያስተላልፋል። ስለዚህ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን በዚያው ቀን ይጀምራል። ውሻው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆመው ይችላል። የተገደለ ውሻ ይህን ዕድል ያሳጣል። የ10 ቀኑ ደንብ ለውሻና ለድመት ብቻ ነው፤ ሐረር ላይ ጅብ የነከሰው ሰው ግን የ10 ቀኑን ውጤት የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

«14 መርፌ ሆድ ላይ ይወጉኛል።»

ያ የድሮው ክትባት ነው። አዲሱ ክንድ ላይ ይሰጣል፤ በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን። ደም ለወጣው ንክሻ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይጨመራል። ለነፍሰ ጡርም ክትባቱ አይከለከልም። «ወር አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ማለት አያዋጣም፦ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ጸበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር አይጣሉም።

«ሰንሰለቱን በጥሶ ነው፤ በሩ ላይም ‹ኃይለኛ ውሻ አለ› ብለን ጽፈናል።»

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳውን ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ጽሑፉ ብቻውን ነፃ አያወጣም። ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ተጎጂው ራሱ ሲያጠፋ ነው፤ አጥር ዘሎ የገባ ሰውና ኳሱን ሊያነሳ የመጣ ሕፃን አንድ አይደሉም። ውሻውን ተረክቦ የያዘ ሰውም ይጠየቃል።

«ከፈለግህ በካሳው ፈንታ ውሻውን ውሰድ» ማለት በአንቀጽ 2073 በእርግጥ አለ፤ የሚሠራው ግን ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት ነው። በር ከፍቶ መተው ጥፋት ነው።

ለተጎጂ፦ ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሕሊና ካሳ (ለመንፈስ ጉዳት የሚከፈለው) በሕጉ ከ1000 ብር አይበልጥም፤ ስለዚህ ዋናው ገንዘብ የሚገኘው ከሕክምና፣ ከትራንስፖርትና ከቀረ ገቢ ስለሆነ እያንዳንዱን ደረሰኝ ያዙ። በሽምግልና ከጨረሳችሁም የ28ኛው ቀን መርፌ ሳይወሰድ «ካሳዬን ጨርሼ ተቀብያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ።