4,294,967,297 ፕራይም አይደለም፤ እባካችሁ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ 4,294,967,297 ብዬ እጽፍና «ፕራይም ነው?» እላለሁ። ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም ወይ? መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ሞከርነው፣ አልተካፈለም፣ ስለዚህ ፕራይም ነው።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

«መጨረሻው 7 ስለሆነ ፕራይም ነው።» 27ም በ7 ያልቃል፤ 3 ጊዜ 9 ነው። በዚህ ጊዜ አናጥፋ።

«ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13 አይካፈልም።» ልክ ነው፣ አይካፈልም። ግን «አላገኘሁም» እና «የለም» ለየቅል ናቸው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ እስከ 100 ያሉትን ሁሉ ሞክራ ደብተሯን አመጣችልኝ። ስሌቷ እንከን አልነበረውም፤ መደምደሚያዋ ግን ስህተት ነው። አካፋዩ 641 ነው። እስኪ ወረቀት አውጡ። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፣ በ40 ሲባዛ 268,016,680፣ በ1 ሲባዛ ራሱ። ሦስቱን ደምሩ፤ ቁጥራችን ይመጣል።

«3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ፕራይም ከሆኑ ቀጣዩም ነው።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ከእያንዳንዱ 1 ቀንሱ፣ በራሱ አባዙት፣ 1 ጨምሩ፤ ቀጣዩ ይገኛል። ከ65,537 ቀጥሎ የሚመጣው የኛው ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን ሰልፍ አይቶ ሁሉም ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር 641ን አውጥቶ አሳየ። አምስት ምሳሌ ሰልፍ ያሳያል እንጂ አያረጋግጥም! ከ65,537 ወዲህ ደግሞ ከዚህ ሰልፍ አንድም ፕራይም እስካሁን አልተገኘም።

ኦይለር በጭፍን እየሞከረ አልነበረም። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መቅረት እንዳለበት አረጋገጠ። እንዲህ ያሉት ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ተገኘ ማለት ነው።

«ለማረጋገጥ እስከ ቁጥሩ ድረስ መሞከር አለብን።» አያስፈልግም። እስከ 65,536 ይበቃል፤ ሁለቱም አካፋዮች ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል።

«ኮምፒውተሩ ይነግረናል።» ፕሮግራሙ ቁጥር የሚይዘው በ32 ቢት (በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ከሆነ ከ4,294,967,295 በላይ አይችልም። የኛን ቁጥር ስትሰጡት ከልኩ ያለፈው ተቆርጦ 1 ብቻ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ የሚይዘውን ልክ እወቁ።

ለተማሪዎቼ የምለው ይህ ነው። እስከ የት እንደሞከራችሁ ጻፉ። «እስከ 100 አካፋይ አላገኘሁም» ያለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ፕራይም ነው» ያለ ግን ምክንያቱን ያሳየኝ።